ትርፍ ያልተተወለት ቀሚስ

ውድ ለነበርከው፣

እንደምነህ ብዬ አልጀምርም፤ ዛሬ የደረሰብኝን ልንገርህና ሳቅ።

ያንን አረንጓዴ ቀሚስ ለበስኩት። አዎ፣ ትመለሳለህ ብዬ ስፌት ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ያቆየሁትን። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ልብስ መሞከሪያዋ ክፍል ገብቼ፣ ትንፋሼን ውጬ ዚፑን ሳብኩት። ተዘጋ። ልከፍተው ስል ግን ጨርቁን ነክሶ ቀረ።

ክፍሏን ታውቃታለህ፤ መስታወትና መስቀያ ብቻ፣ ክርን የማታስዘረጋ። ብጣራ የሚሰማኝ የለም፤ ብቀመጥ ስፌቱ ይንጣጣል። ቆሜ ራሴን ማየት ብቻ ቀረኝ። ከተለያየን ወዲህም የኖርኩት እንዲሁ ነው፤ ትንፋሼን ይዤ፣ "ትንሽ ቀጠን ብል ኖሮ አይሄድም ነበር" እያልኩ።

ለደንበኛ ሁሉ ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ እተዋለሁ፤ ሰው ይወፍራል፣ ይወልዳል፣ ያኔ ይሰፋለታል። ይህን የራሴን ስሰፋ ግን "ትርፉን ቁረጪው፣ እንዳትዘናጊ" አልከኝ። እኔም ሞኟ ቆረጥኩት። ፍቅር ዕውር ነው ሲሉ መቀስ የያዘ ሰውንም ይጨምራል ብዬ አላሰብኩም።

አብራኝ የምትሠራው ጨርቅ ቆራጯ ከምሳ ስትመለስ ጠራኋት። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

"ውይ በሞትኩት! ማን ነው እዚህ ውስጥ የከተተሽ?"

"ራሴ ነኛ።"

"በይ ዙሪ፣ ልቅደደው።"

"ተይ! እሱ የሚወደው ቀሚስ ነው።"

"እሱ የታለና? የታፈንሽው አንቺ!"

አለቀስኩ። ሰው ሲያለቅስ ይተነፍሳል፤ በተነፈስኩ ቁጥር ቀሚሱ ያንቀኛል። አልቅሼ እንኳ እንዳይወጣልኝ አደረግከኝ! ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናደድኩብህ።

"ቅደጂው!" አልኳት። የመቀሱ ቅዝቃዜ ከትከሻዬ እስከ ወገቤ ወረደ።

ዳንኩ አልልህም። ስልክ ሲጠራ አሁንም አንተ ትመስለኛለህ። ግን ከሰዓት በኋላ ለራሴ ጨርቅ መረጥኩ። ቆራጯ ሜትሩን ወገቤ ላይ ስታዞር፣ እኔ ሆዬ እንደ ልማዴ ሆዴን ሳብኩ።

"ተንፍሺ እንጂ!" አለች ጀርባዬን መታ አድርጋ። "የማንን ልክ ነው የምወስደው?"

"የኔን።"

ተነፈስኩ። ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው። አንተ የወገቤን ልክ ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር፤ ይሄኛውን ግን አልነግርህም።

ደህና ሁን፣
ልብስ ሰፊዋ