የጉልበቴ ጠባሳ እና የጽጌ ኩላሊት

ሰኞ፣ ኅዳር 6። ከት/ቤት መልስ።

ዛሬም ባዮሎጂ። የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ። ተራዬ ሲደርስ እንባዬ መጣ። ልጆቹ በሽንኩርቱ መስሏቸው ሳቁ። ይሁን። አንተ ግን ታውቃለህ፣ ማስታወሻዬ፤ የእህቴ የጽጌ አርባዋ ገና አልወጣም።

ከክፍል በኋላ መ/ር ዋቅጅራን ጠየቅኳቸው። ሐኪሙ ኩላሊቷ ጠባሳ ሆኗል ያለን ምን ማለት ነው? ሱሪዬን አስጠቀለሉኝ። ጉልበቴ ላይ ጽጌ ከብስክሌት የጣለችኝ ጊዜ የቀረ ጠባሳ አለ።

«እዚህ ጋ ያልብሃል?»

አያልበኝም። ፀጉርም አላበቀለም። ኩላሊትም እንዲሁ ነው አሉ። ሴሎቹ ደጋግመው ሲጎዱ ጠባያቸው ይለወጣል፤ የቀድሞ ሥራቸውን ይተዋሉ። ሌሎቹ ቁስሉን ሊጠግኑ ክር የመሰለ ነገር ይሠራሉ፤ ግን ማቆም ያቅታቸዋል። ክሩ ቦታውን ይሞላል እንጂ ደም አያጣራም። ለምን እንደማያቆሙ ሳይንስም በደንብ አልደረሰበትም።

ለክፋት አይደለም ማለት ነው። ጽጌን ይመስላሉ። የተቀደደ ካልሲዬን ስትሰፋ ጣቴ እስከማይገባ ድረስ ትሰፋው ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 8።

መ/ር ዋቅጅራን ደግሜ ጠየቅኩ። ምን ጀመረው? አንዳንዴ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ኩላሊትን ይጎዳል አሉ።

ጽጌ 8ኛ ክፍል ሳለች ጉሮሮዋን ታማ ነበር። እማዬ እንጥል ቆራጭ አስመጣች። ብዙም ሳይቆይ የጽጌ ፊት ጠዋት ጠዋት ያብጥ ጀመር። መስታወት ፊት ቆማ «ወፈርኩ፣ አማረብኝ፣ ቅናት ይግደልህ!» ትለኝ ነበር።

ከዚያ ሊሆን ይችላል? ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ አሁን ማንም ማወቅ አይችልም አሉ።

ለእማዬ አልነግራትም። በፍጹም።

ዓርብ፣ ኅዳር 10። 11 ሰዓት።

ሚሚ ታመመች። ታናሻችን፣ ገና ሰባት ዓመቷ። ትኩሳት። ምራቋን መዋጥ አቃታት። እማዬ ከቀበሌ ስብሰባ ስትመለስ ቆራጯን ለነገ ጠዋት ቀጥራት መጣች።

ዝም ካልኩ ሚሚ። ከተናገርኩ እማዬ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11። ጠዋት 1 ሰዓት።

ተናገርኩ። ጤና ጣቢያ እንውሰዳት፣ መርፌ ያስፈልጋታል። ይህንን ብቻ።

እማዬ የሚሚን ግንባር ዳሰሰች።

«የጽጌም ከጉሮሮዋ ነው?»

«ማንም ማወቅ አይችልም፣ እማዬ። መምህሬም አያውቁም።»

ውሸት አይደለም። ጥቁር ነጠላዋን አንስታ «ሂድ፣ ጋሪ ጥራ» አለችኝ።

ጋሪው በር ላይ ነው። ሚሚ መርፌው ያማል ወይ ትላለች። ከብስክሌት መውደቅ ይብሳል አልኳት። ጽጌ የሰፋችውን ካልሲ አጠለቅኩ። ጣቴ በግድ ገባ። እማዬ እየጠራችኝ ነው።