«እየሮጥኩ ነው» ያልኩሽ ዕለት

ለውድ እናቴ ለመስኡዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላህ። እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? የጅዳ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ከሁሉም በላይ ልብሽ ወደ ቦታው ተመለሰ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የዚያን ዕለቱን ነገር በስልክ እንዳልነግርሽ ግማሹን ያንቺ ለቅሶ፣ ግማሹን የኔ ሳቅ በላው። ስለዚህ መንገደኛ ሳገኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

በጦርነቱ ጊዜ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ በሕይወት እንኑር አንኑር ሳታውቂ የከረምሽውን አልረሳሁም። መስመሩ የተመለሰ ዕለት «ስልክሽ ካንቺ እንዳይለይ» ብለሽ ወላሂ አስባልሽኝ። አሰልጣኛችን አሻግሬ ደግሞ ስልክ ይዞ የሚሮጥ ሰው አይወድም። ሯጭ ነሽ ወይስ የቴሌ ሠራተኛ እያለ ሲቀልድብኝ ከረመ።

ያን ቅዳሜ የወረዳው ሩጫ ነበር፤ ለደሴው ውድድር የምታልፈው አንደኛ የወጣችው ብቻ ናት። አሻግሬ ስልኩን ስጪኝ ቢለኝ፣ መሐላ አለብኝ ብዬ በሻርፕ ወገቤ ላይ ጠፍሬው ገባሁ። ከሐይቁ ዳር ወጥተን አስፋልቱን ስንይዝ ሰብለወንጌል ከፊቴ ናት፣ ሌሎቹ ከኋላዬ ተከትለውኛል። ይኼኔ አንቺ ደወልሽ። ምን ይሻለኛል? ካላነሳሁ አንቺ በድንጋጤ ልትሞቺ ነው፣ ካነሳሁ ደሴ መሄዴ ሊቀር ነው። አነሳሁና እያለከለክሁ «እማዬ፣ እየሮጥኩ ነው!» አልኩሽ። መንገድ ዳር የቆመው ሕዝብ ደግሞ «ደረሱብሽ! ደረሱብሽ!» ይላል።

አንቺ ምን ታውቂ፣ ጦርነቱ የተመለሰ መስሎሽ «ሩጪ ልጄ! ወደኋላ እንዳታዪ!» ብለሽ ጮህሽ። እማዬ፣ አፉ በይኝ፤ ድምፅሽን ስሰማ እግሬ የኔ መሆኑ ቀረ። ስልኩን ጨብጬ ወደኋላ ሳላይ ሮጥኩ። ሰብለወንጌልን የት ላይ እንዳለፍኳት እንኳ አላውቅም። ክሩን በደረቴ ስበጥስ አንቺ ገና «ሩጪ!» ትያለሽ። አሻግሬ ስልኩን ተቀብሎኝ ልጅዎ አንደኛ ወጣች ቢልሽ፣ «ከማን ነው ያመለጠችው?» አልሽው አሉ። ሰፈሩ እስከዛሬ ይስቃል። አባዬ ብቻ ስቆ ስቆ መጨረሻ ላይ እንባውን ጠረገ።

ታናሼ ባድሩ ጉልበትሽን ይስማል፤ ቁመቱ እኔን አልፎኛል። አብራሽ ላለችው ለኡሙሰልማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ያን ቀን ውኃ አጠጥታ ስላረጋጋችሽ አላህ ይስጥልኝ። አባዬም በጣም ናፍቆሻል፣ ይህን ጻፊ ግን አላለኝም።

አሁን መሐላዬን ፍቺልኝ እማዬ። ለደሴው ልምምድ ስወጣ ስልኬ አባዬ ዘንድ ይቀመጣል፤ ስትደውይ እሱ ያነሳልሻል። «ኢልሀም እየሮጠች ነው» ካለሽ እልል በይ። ማንም እያባረረኝ አይደለም።

ልጅሽ ኢልሀም ኑርዬ
ሐይቅ፣ ግንቦት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.