በበሩ የማይወጣው ማሽን

ውድ ጀይሉ፣

አሰላሙ አለይኩም። ወንድምህ ኢብራር ነው የሚያነብልህ፤ ከሰለቸህ ግራ እጅህን አንሳና አስቁመው። ኢብራር፣ እሱ ሳያስቆምህ አንድ መስመር እንዳትዘል። እንጀራዬ እዚህ ኮልፌ ሆኖ ነው እንጂ ቡታጅራ መጥቼ ራሴ ባነበብኩልህ።

ማሽኑ ሠራ! እኔ ነኝ ያሠራሁት። ኮምፒውተር እያዘዘው እንጨት የሚቀርጽ ማሽን በቤቴ እሠራለሁ ስትል ሰፈሩ የሳቀብህ፣ ያው ማሽን። ከመታመምህ በፊት መቅረጫውን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ሞተር አልታዘዝ ብሎ ስንት ቀን አስኮርፎህ ነበር። ትናንት ከሰዓት ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስዳብሰው፣ ጠረጴዛው ሥር የታጠፈበት ጋ ውስጡ ተበጥሷል። ላዩ ደህና ስለሆነ አይታይም። ቆርጬ ቀጠልኩት፣ አንተ ኮምፒውተሩ ላይ የሣልካትን አበባ ከፍቼ አስነሳሁት። እየጮኸ ወረደና ጣውላውን ነከሰው። ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ ታምነኛለህ?

ጎረቤታችን አልማዜ በመስኮት ብቅ አለች። «ሰዓዳ፣ ደህና ነሽ?»

«ሠራልኝ» አልኳት።

«ማ? ጀይሉ ተሻለው?»

ማሽኑን በጣቴ አሳየኋት። ቀኝ እጅህ እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሮናል፤ አንተም ስለምታውቀው አልሸፋፍንብህም።

ደግሞ ሌላ አለ። አከራያችን ጋሽ ገረሱ ግቢውን ሸጡት። በወሩ መጨረሻ እለቃለሁ፤ ገዥው ሁሉንም አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ነው። ዓለም ባንክ ሰፈር ያገኘሁት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ አልጋችን እንኳ ተፈታትቶ ነው የሚገባው። ማሽኑስ? የማሽኑን ቱቦላሬ ብረት ስትበይድ የክፍሉን ስፋት ለካህ፣ የጠረጴዛውን ለካህ፣ በሩን ግን ማንም አልለካም። «በየት በኩል ሊወጣ ነው?» ስልህ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ፣ «ለምን ይወጣል? እኔስ መች ልወጣ?» አልከኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያ በዚያው በር አራት ሰው ተሸክሞ አወጣህ።

ገዥውን ለመንኩት፤ የክፍሉን ግድግዳ አስቀድመህ አፍርሰውና ማሽኑ ይውጣልኝ አልኩት። «እሺ እናቴ፣ ወጥቶስ የት ይቀመጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጦር ኃይሎች ሰፈር ያሉት የሥራ ጓደኞችህም ጋ ሄጄ ነበር። ሻይ ጋበዙኝ፣ ስላንተ ጠየቁኝ፣ ከዚያ «ጀይሉ ከሌለ ማን ያሠራዋል?» አሉኝ። እኔ አለሁ ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ፤ ግን የማውቀው ያችን አንዷን ሽቦ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ብረት ቆራጭ ይመጣል። ብረቱን ቁራሌው ይወስደዋል። ሞተሮቹን ፈትቼ በድሮ ሸሚዝህ እጠቀልላቸዋለሁ። ተስፋ ኖሮኝ አይደለም፣ መጣል አቅቶኝ ነው።

አበባዋን ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። በግራ እጅህ ዳስሳት። አንደኛዋ ቅጠል ግማሽ ናት፤ መብራት ሄደብኝ። ሲመጣ ላስጨርሰው ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር፣ መልሼ ሰበሰብኩት። ያንን ድምፅ ሁለተኛ ከሰማሁ ቅዳሜ ላስቆርጠው አልችልም። እንደጎደለች ያዛት።

ደስ ብሎኝ እንደነበር ግን እወቅልኝ። የሁለታችን የነበረውን ሳቅ ትናንት ብቻዬን ሳቅኩት።

ቁልፉን ለጋሽ ገረሱ እስክመልስ ድረስ ከማሽንህ ጎን ያለሁት፣
ሰዓዳህ