ፕላስተር፣ ለጊዜው

ጥቅምት 3
ፓምፑ ከጠዋት ጀምሮ እያጉረመረመ የብረት ሳጥኑን አየር መጠጠ። ከብር በተሠራችው ስስ ሰሌዳ ላይ የአዮን ጨረር ተኮስኩ። ተፈንቅለው ከሚወጡት አቶሞች አብዛኞቹ ነጠላ... ጥቂቶቹ ጥንድ፣ ሦስት። ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ስክሪኑ ላይ ባለው ግራፍ ዳር፣ ያቺ ጉብታችን። በደርዘን የተቧደኑ አቶሞች!

አስተማሪዬ ጋሼ ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ሲወጡም ተያይዘው ነው" ሲሉ ኖሩ። ሌሎቹ ተመራማሪዎች፣ አቶሞቹ ከወጡ በኋላ ነው የሚገናኙት እያሉ ሳቁባቸው። ግን ያን ያህል ብዙ አቶም በአጋጣሚ ይገናኛል? ጉብታዋ ለጋሼ መሰከረች።

መዝገቡ ላይ "የሰሌዳ መያዣ" ከሚለው ፊት "እንደ ትናንቱ" ብዬ ጽፌ ወጣሁ።

ጥቅምት 6
ጋሼን ልጠይቅ ሄድኩ። ከአልጋ መውረድ ካቆሙ ሁለት ወር ሆናቸው። የጉብታዋን ሥዕል ፊት ለፊታቸው ግድግዳ ላይ ለጥፌላቸው ነበር፤ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ሚስታቸው በር ላይ ያዝ አድርገውኝ፣ እህል መቅመስ የጀመሩት ይቺ ሥዕል ከመጣች ወዲህ ነው አሉኝ። ጽሑፋችን ቅዳሜ ይላካል። ስማቸውን ከስሜ በኋላ እንዳደርግ ለመኑኝ። እምቢ አልኩ።

ጥቅምት 9
ቴክኒሻኗ ሳጥኑን ለጽዳት ከፈተችው። እትዬ መፍቻ ነው የምንላት፣ መፍቻ ከእጇ ስለማይለይ። ጠራችኝ።

"ይሄን ማን ነው የለጠፈው?"

ከሰሌዳዋ ጠርዝ ወጣ ያለ ፕላስተር። ጨረሩ አክስሎታል።

የፕላስተሩ ሙጫ! ሙጫ ድሮም የተያያዘ ነገር ነው፤ ጨረር ሲመታው በትልልቁ እየተቆረሰ ይወጣል። ጉብታዋ ከብሩ አይደለችም።

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። እንደ ትናንቱ። እንደ ትናንቱ። እንደ ትናንቱ... እስከ ሚያዝያ 20። እዚያ በገዛ እጄ፦ "ብሎኑ ጠፋ። ፕላስተር፣ ለጊዜው።" ጉብታዋ የታየችው ሚያዝያ 21 ነው። ዓይን አልነበረኝም?

ጥቅምት 10
አዲስ ብሎን። ሦስት ጊዜ ተኮስኩ። ጉብታ የለም። ሜዳ።

ጥቅምት 11
ልንገራቸው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እሳቸው ግን ስንት ቀን ያድራሉ? ዝም ብል ደስ ብሏቸው ይሄዳሉ... ነገ ግን ውሸቱ በስማቸው ይላካል። ምነው ያን ቀን ብሎን ፍለጋ በወጣሁ።

ጥቅምት 12
ነገርኳቸው። አዲሱን ሥዕል ተቀብለው ከግድግዳው ጋር አስተያዩት።

"ፕላስተሩን ማን ለጠፈው?"

"እኔ ነኝ ጋሼ።"

"በየሳምንቱ የምታመጪልኝን መዝገብ የምፈርመው ደግሞ እኔ ነኝ።" ሥዕሉን መለሱልኝና፣ "ጽሑፉን አትላኪው፣ ልጄ። ያቺንም ከግድግዳው አንሺልኝ።"

እሷንም የለጠፍኳት በዚያው ፕላስተር ነበር። ስስባት የግድግዳው ቀለም አብሮ ተገሽልጦ መጣ። ሚስታቸው ቀና ብለው አላዩኝም። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጥቅምት 16
ደወልኩ። እህል ትተዋል። ቀለሙ የለቀቀበትን ቦታ ሲያዩ ይውላሉ አሉ ሚስታቸው። "ለጊዜው አትምጪ" አሉኝ።

ጥቅምት 20
ትናንት ቀበርናቸው።

ሥራ ገባሁ። ወዴት ይኬዳል? ፓምፑ ያጉረመርማል። ነጠላ... ነጠላ... ጥንድ። እውነት ተያይዘው ይወጡ ይሆን? አሁን ማን ይጠይቃል?

መዝገቡ ላይ እጄ በልማድ "እንደ" ብሎ ጀመረ። ሰረዝኩትና "ብሎን። በዓይኔ አይቻለሁ" ብዬ ጻፍኩ። ከታች የሳቸው መፈረሚያ መስመር አለ። ባዶውን ተውኩት።