ሌባውን ትተው ካሜራዬን ላሰሩት ኮማንደር

ለከተማችን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ለክቡር ኮማንደር፣

የመንዝ ውርጭ ከመስኮትዎ አልፎ እንዳይገባ፣ ጉልበትዎ እንዲጸና፣ እንቅልፍዎም እስከ ዛሬ እንደነበረው የሰመረ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጓሳ ግርጌ ገብስ የማርስ፣ በግ የማረባ፣ ፀጉሩንም ፈትዬ ባና የማሠራ ይመኙሻል ወልደ አማኑኤል ነኝ። የከተማችንን ስም ያልጻፍኩት ረስቼው ሳይሆን እንዳላሳፍራት ብዬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ምክርዎ ላመስግንዎ። አምና ክረምት መግቢያ ላይ እናት በጎቼ ከጉሮኖ ሲሰረቁ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ነበር። ተረኛው ሳጅን «የሌባውን ስም ታውቂያለሽ?» አለኝ። «አላውቅም» ስለው «ታዲያ ማንን እንክሰስልሽ?» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን እርስዎ ራስዎ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ኅብረተሰቡ ንብረቱን ራሱ ይጠብቅ፣ ያለ ማስረጃም አያስቸግረን» አሉ። እኔም ታዛዥ ዜጋ ነኝና ደብረ ብርሃን ወርጄ ካሜራ መረጥኩ።

ሻጩ «ይሄኛው በኢንተርኔት ይሠራል፣ አዲስ አበባ ሆነሽ በጎችሽን ታያለሽ» ቢለኝ፣ እኔ አዲስ አበባ ሥራ እንደሌለኝ፣ መንደራችንም ኔትወርክ የሚመጣው እንግዳ ሆኖ እንደሆነ አስረዳሁት። መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ፣ በፀሐይ የሚሠራ፣ ያየውን በራሱ ካርድ ላይ የሚያስቀር ወሰድኩ። መጀመሪያ ከጣሪያው ጫፍ ላይ ሰቀልኩት፤ ከጉም በቀር ያሳየኝ አልነበረም። መሰላሉን ይዘውልኝ የነበሩት ጎረቤቴ ጋሽ ወዳጆ ከታች ሆነው «ልጄ፣ እዚያ ላይ ሆኖ የሚያየው የሌባውን ቆብ ነው። ፊቱን ከፈለግሽ ዝቅ አድርጊው» አሉኝ። ከጉሮኖው በር ትይዩ፣ ከጽድ ግንድ ላይ አብረን አሰርነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

አንደኛ፤ በኅዳር ጽዮን ዕለት መንደሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስት በጎቼ ተወሰዱ። እኔ ከሰው ቀድሜ ተመልሼ ጉሮኖው ባዶ መሆኑን ሳይ ወደ እናንተ ሰው ላክሁ። የእርስዎ ባልደረቦች በዚያ ቀን ያሳዩትን ፍጥነት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። እኔ ገና ካሜራዬን ሳልከፍት ጋሽ ወዳጆን አስረዋቸው ነበር። ምክንያታቸውም ሁለት ነው፤ ቁርጥማት ይዟቸው ከቤት በመዋላቸው፣ ካሜራው የት እንዳለም በማወቃቸው። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ በመንገድ ላይ ሳለ፣ እኒያን ሽማግሌ እጃቸውን በገመድ የኋሊት አስረው በመካከሉ አሳለፏቸው። ሚስታቸው እትዬ ዓለሚቱ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወድቆ እየተጎተተ ሲከተሉ ያየ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። እኔም ጭምር።

ሁለተኛ፤ ካርዱን በስልኬ ስከፍት በግ ነጋዴው ይታየው እንደ ራሱ ቤት ተረጋግቶ ቁልፌን በድንጋይ ሲሰብር፣ በጎቼን አንድ በአንድ ፒክአፕ ላይ ሲጭን፣ ቀና ብሎም ላቡን ሲጠርግ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምስሉን በመጀመሪያ እትዬ ዓለሚቱ ስልክ ላይ ገለበጥኩ፤ የታሰሩት ባላቸው ናቸውና። ከዚያ ካርዱንም ካሜራውንም ይዤ ወደ እናንተ በረርኩ። ሳጅኑ አይቶ ሳቀ። «ይሄማ ይታየው ነው! ይታየው እኮ የእኛ ሰው ነው» አለ። «እንግዲያው ጋሽ ወዳጆን ፍቷቸዋ!» ስለው ፊቱን አኮሳተረና «ለመሆኑ ካሜራሽ ፈቃድ አለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያን ጊዜ እርስዎ ከቢሮዎ ብቅ አሉ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩዎት፤ ለመንኩዎት፤ እግርዎ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። እርስዎም ምስሉን ሳያዩ «ፈቃድ በሌለው መሣሪያ የተገኘ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ዕቃው ለምርመራ ይያዝ» አሉ። ማስረጃ አምጪ ያለኝ አፍ ያው አፍ ነበር። ካሜራዬ በዚያ ቀን ታሰረ፤ ጋሽ ወዳጆም እንደታሰሩ አደሩ። ይታየው በዓሉን በቤቱ አከበረ።

ሦስተኛው ቅሬታዬ የሚመለከተው እርስዎን ሳይሆን እኛን ነው፤ ሥራዎን ሳናስፈቅድ ሠርተንብዎታልና። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች እንደ አባቶቻችን ወግ አውጫጭኝ ጠሩ። ሰው ሁሉ በሜዳው ተቀመጠ፤ ይታየውም ከሰው እንዳይለይ ብሎ መጣ። መሪጌታ ገብረየሱስ «ያየህም የሰማህም ተናገር» ሲሉ፣ እትዬ ዓለሚቱ ተነሥተው ስልካቸውን ከመሪጌታ እጅ አኖሩ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ይታየው ጋ ሲደርስ «ጃኬቴን ሰው ተውሶኝ ነው» አለ።

መሪጌታም «ፊትህንስ?» አሉት።

ላቡ መጣ፤ ከዚያ አመነ። ያልሸጠውን አንዱን በግ መለሰ፣ የሁለቱን ምትክ ሊሰጥ በሽማግሌ ፊት ማለ። እኛም ሌባውን ይዘን ወደ እርስዎ መጣን። ጋሽ ወዳጆ «ምርመራው አልተጠናቀቀም» ተብለው በዋስ ተለቀቁ፤ ይታየው ግን ቃሉን ሰጥቶ ከእኛ ቀድሞ ቤቱ ገባ። ፍትሕዎ ይህን ያህል እግረ ፈጣን መሆኑን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ንጹሑን ለማሰርና ሌባውን ለመሸኘት።

ክቡር ኮማንደር፣ እስካሁን በቀልድ ጽፌ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህንን ግን ያለ ቀልድ ያንብቡልኝ። ጋሽ ወዳጆ የደብራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ በእጃቸው የኖረ ሰው ናቸው። በተፈቱ ማግስት ቁልፉን ለመሪጌታ መለሱ። «ሌባ ተብሎ በገመድ የተጎተተ ሰው የቤተ ክርስቲያን ቁልፍ አይዝም» አሉ። መሪጌታ ቢለምኑ፣ እኛም ብናለቅስ እሺ አላሉም። አሁን እሑድ እሑድ የሚያስቀድሱት ከቅጥሩ ውጭ ቆመው ነው። ብርዱ ይመታቸዋል፤ ያስላቸዋል፤ ግቡ ብንላቸው አይገቡም። «ፖሊስ ያሰረኝ በሕዝብ ፊት ነው፤ የፈታኝ ግን በጓዳ ነው» ይላሉ።

ስለዚህ ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በመጪው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ይምጡ፤ ባሳለፏቸው መንገድ ላይ፣ በዚያው ሕዝብ ፊት ይቁሙና «ወዳጆ ንጹሕ ሰው ነው፣ ያጠፋነው እኛ ነን» ይበሉ። ለዚህ ፈቃድ የሚያስፈልግዎ አይመስለኝም። ካልመጡ ይህን ደብዳቤ በየገበያው፣ ከራቤል እስከ ቀየት፣ ማንበብ ለሚችል ሁሉ ማዳረሴን እቀጥላለሁ።

ዜጎችን ከማስረጃቸው በትጋት ለሚጠብቁት ለእርስዎ ያለኝን የማይነጥፍ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ከበጎቿ ያነሰ ጥበቃ ያላት፣

ይመኙሻል ወልደ አማኑኤል

ማስታወሻ፦ ለምርመራ የያዙት ካሜራዬ በመኖሪያ ቤትዎ በር ላይ ተሰቅሎ ምርመራውን እየቀጠለ መሆኑን ቅዳሜ ገበያ ስወርድ አይቼ ተጽናናሁ፤ እግሩን የጠቀለልኩበትን የባና ቁራጭ እንኳ አልፈቱትም። አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብቀር ግን ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም፤ ካሜራው ምስል ብቻ ሳይሆን ድምፅም ይቀዳል። በበዓል ዋዜማ ሙክት እየጎተቱ በርዎን የሚያንኳኩ ደጋግ ሰዎች ምን ብለው እንደሚገቡ፣ እርስዎም ምን ብለው እንደሚቀበሏቸው፣ ልቅም አድርጎ ይይዝልዎታል።