ስለ ተበጠሰው የዊንች ገመድ፣ ለወንድሜ

ይድረስ ለምወድህ ወንድም ጋሼ፤

ገመዱ የተበጠሰው ባለፈው ረቡዕ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አራት ቁጥሯ የፊልድ መኪና የወንዙን ዳገት ፊቷ ላይ ባለው የገመድ መሳቢያ ዊንች እየተሳበች ስትወጣ ገመዷ ተበጠሰና ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ጎማ ሥር ድንጋይ ሊያደርጉ ከኋላ የቆሙትን ቀያሽ ከዛፍ ጋር አጣብቃ እግራቸውን ሰበረችው። እኔ በዚያች ሰዓት ጋራዡ ውስጥ የሌላ መኪና ገመድ ለብ ባለ ውሃ እያጠብኩ ነበር። ስልኩን ያነሳችው የዕቃ ግምጃ ቤቷ ሴት ናት። ሰምታ ስትጨርስ ከሰው ሁሉ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው።

ነገርን ከሰላምታ ማስቀደም ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ይህን ሳልነግርህ ሰላም ብልህ ሰላምታዬ ከአንገት በላይ ይሆንብኛል። እንግዲህ አሁን ልጠይቅህ፤ እንዴት ነህ ወንድም ጋሼ? ወገብህስ? ያ ረጅም መንገድ አሁንም ያንገላታሃል ወይስ ዕረፍት ሰጡህ? የእማዬ ጉልበት ብርዱን እንዴት ቻለው? እትዬስ? ልጆቹስ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ንዴቱ ግን ከእኔ ጋር ተኝቶ ከእኔ ቀድሞ ይነሳል።

እሑድ ስትደውልልኝ «አለቃሽ ባለውለታችን ነው፤ ፈርሚላቸውና ነገሩን አብርጂው፤ ሴት ልጅ ስትችል ነው የሚያምርባት» አልከኝ። ሳልመልስልህ የዘጋሁት ንቄህ አይደለም፤ አፌን ብከፍት የማልመልሰው ቃል እንዳይወጣኝ ፈርቼ ነው። በወረቀት ግን ቀስ ብዬ እመልስልሃለሁ፤ አንተም ቀስ ብለህ አንብበኝ።

አንተ ዕድሜህን ሙሉ የምታውቀው የሽቦ ገመድ ነው። የሽቦ ገመድ ሲያረጅ ራሱ ይናገራል፤ ይዝጋል፣ ክሩ ተሰብሮ እጅህን ይወጋል። የእኛ መኪኖች ገመድ ግን ከሰው ሠራሽ ክር የተጎነጎነ ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ጉልበቱም ከሽቦ አያንስም፤ በሽታው ግን ውስጥ ለውስጥ ነው። ስለዚህ ስመረምረው እስከ መጨረሻው ከመጠቅለያው አወጣውና ሲሚንቶው ላይ ዘርግቼ፣ ጓንቴን አውልቄ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቼ መሃል አሳልፈዋለሁ። ላዩ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ቢጎፍር አልደነግጥም፤ ያ የሥራ ጸጉር ነው። የተቆረጠ ጉንጉን ካገኘሁ ግን እቆማለሁ። ጉንጉኑን ገለጥ አድርጌ አሸዋ መግባቱን አያለሁ፤ አሸዋ ክሩን ከውስጥ እንደ መጋዝ ይበላዋልና። የማጥበው ለዚህ ነው። ጥላ ውስጥ የማደርቀው ደግሞ ፀሐይም ጠላቱ ስለሆነች ነው። ገመዱ የሚወጣበትን የዊንቹን አፍ በመዳፌ እዳስሳለሁ፤ አንዲት የብረት ስንጥር ካለች ገመዱን እንደ ምላጭ ትልጠዋለች።

ከሁሉ የሚከፋው ሙቀት ነው። ሾፌር መኪናውን በገመድ ይዞ ቁልቁል ሲያወርድ የዊንቹ ፍሬን ይግላል፤ መጠቅለያውን የነካው ገመድም ይቀልጣል። የቀለጠው ቦታ ያብረቀርቃል፣ ሲዳስሱት እንደ ሻማ ያንሸራትታል፣ ላጥፍህ ቢሉት እንቢ ይላል። ገመዱ ከመበጠሱ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ በአራት ቁጥሯ ገመድ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ክንድ የሚያህል ቦታ አገኘሁ። ግራና ቀኙን በቀይ ክር ሰፋሁት። እኔ ቀይ ክር የሰፋሁበት ገመድ መኪና ላይ እንደማይወጣ ጋራዡ ሁሉ ያውቃል። መዝገቡ ላይ «ይወገድ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ፤ ገመዱንም አውርጄ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

ልቆርጠው ቢላ ሳነሳ ሻለቃ «ተይው ባክሽ፣ ዕቃ ማሰሪያ ይሆነናል» አለኝ። ሻለቃ የምንለው የጋራዡን ኃላፊ፣ ያንተን የድሮ ወዳጅ ነው። አንድም ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚንጎራደድ የወጣለት ስም ነው። «እሳቸው» ማለቱን ከሐሙስ ጀምሮ ትቼዋለሁ፤ ለዚህ ብቻ ይቅርታ አድርግልኝ። እንግዲህ ተይው ሲለኝ ተውኩት። በዚህ ነገር ውስጥ የእኔ ጥፋት ይህ ነው፤ ባልደብቅህ እወዳለሁ። ያን ቀን ቆርጬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቀያሹ በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

ከአደጋው አንድ ቀን በፊት፣ ማክሰኞ፣ እኔ ዕረፍት ነበርኩ። አራት ቁጥሯ መውጣት ነበረባት፤ አዲሱ ገመድ አልደረሰም። የሆነውን የነገረችኝ የግምጃ ቤቷ ሴት ናት፣ ያውም በሹክሹክታ። ሻለቃ ገመዱን ከሚስማሩ አወረደ፣ ቀዩን ክር በጣጥሶ ነቀለ፣ ገመዱን ከጫፍ ወደ ጫፍ ገልብጦ ጠቀለለው። ክፋት አስቦ እንዳልሆነ እመሰክርለታለሁ። የሸሚዝ ኮሌታ ሲነትብ ተገልብጦ እንደሚሰፋ ሁሉ፣ የሽቦ ገመድም በመንጠቆው በኩል ሲያረጅ ይገለበጣል፤ ሃያ ዓመት የሠራው እንደዚያ ነው። ግን የቀለጠው ቦታ መጠቅለያው ሥር ተኝቶ ጭነት እምብዛም የማያገኘው ነበር። እሱ አምጥቶ መንጠቆው አጠገብ፣ የመኪናዋ ክብደት ሁሉ የሚያርፍበት ላይ አደረገው። የገመዱን ጫፍ መልሶ በራሱ ውስጥ መጎንጎን ስለማይችልበት ደግሞ መንጠቆውን በቋጠሮ አሰረው። እኔ ገመድ ቋጥሬ አላውቅም። ቋጠሮ የዚህን ገመድ ጉልበት ግማሽ ይበላል፤ ይህን ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ሺህ ጊዜም «የወረቀት መካኒክ» ብሎ ስቆብኛል።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተጠራሁ። ሻለቃ ተቀምጦ፣ እኔ ቆሜ። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፤ የእኔ ገጽ ግን የለም፣ ስፌቱ ሥር የተቀደደ ጠርዙ ብቻ ቀርቷል። በምትኩ አዲስ ወረቀት ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። «ገመዱን መርምሬ ለሥራ ብቁ ሆኖ አግኝቼዋለሁ» ይላል፤ ቀኑም ወደ ኋላ ተመልሶ ተጽፏል። ሻለቃ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ልጄ፣ ትምህርት ሌላ እጅ ሌላ፤ የማይሳሳት የለም፤ አንቺ ፈርሚ፣ እኔ ደግሞ አስታርቅሻለሁ» አለኝ። ከማን ጋር ተጣልቼ? ሥራ አስኪያጁ ከፈረምኩ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ ካልፈረምኩ ግን ስንብት እንደሚጠብቀኝ ነገረኝና እስክሪብቶውን ከፍቶ አቀበለኝ። ክዳኑን ገጥሜ መለስኩለት። «በዚያ ቀን እጄ የጻፈው ሌላ ነው፤ የቀደዳችሁትን አምጡልኝና እፈርማለሁ» ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ሚስማሩ ሄድኩ። ቀይ ክር የሰፋሁባቸው ሌሎች ሁለት ገመዶች ተሰቅለው ነበር። ሰው ሁሉ እያየ እያንዳንዳቸውን ሦስት ሦስት ቦታ ቆረጥኳቸው። ጎማ ጠጋኙ «ኧረ ጎበዝ፣ ከፊቷ ዞር በሉ፣ ጢም ያለው ሁሉ ዛሬ መላጨቱ ነው!» ብሎ ጋራዡን አሳቀው። ሻለቃ ግን አልሳቀም። ከሰዓት በኋላ «የድርጅቱን ንብረት በማውደም» የሚል የአሥራ አምስት ቀን እግድ ደረሰኝ። የሰው እግር ሲሰበር ያልተነሳ ብዕር ለቁራጭ ገመድ ተነሳ።

አርብ ማለዳ በሬን ስከፍት ደጃፌ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ፤ የተበጠሰው ጫፍ፣ ከነመንጠቆው፣ ከነቋጠሮው። ማዶ የአራት ቁጥሯ ሾፌር ቆሟል። ፊቱ ፈታ ብሎ ስለማያውቅ ኮምጣጤ እንለዋለን። «አንቺ እኔን አላየሽኝም፤ ሦስት ልጅ አለኝ» አለኝና ሄደ። አንተም ከዚህ ደብዳቤ ውጭ እንዳታነሳው፣ አደራ። ጉንጉኑን በጥፍሬ ፈልቀቅ ሳደርገው ውስጡ ተቀብሮ የቀረ ቀይ ክር አየሁ። ሻለቃ የነቀለው ከላይ የሚታየውን ነው፤ እማዬ ያስተማረችኝ የኋልዮሽ ስፌት ግን እንዲህ በዋዛ አይለቅም።

ያን ይዤ ቅዳሜ ሆስፒታል ሄድኩ። እኒህ ቀያሽ አባት ወደ ፊልድ ከመውጣታቸው በፊት ሁልጊዜ «አይተሽዋል?» ይሉኝ ነበር። «አይቼዋለሁ» ካልኳቸው ሌላ ጥያቄ የላቸውም፤ ይሄዳሉ። ያን ቀን ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ባንቺ ቃል ነበር የምሄደው» አሉኝ። ከዚህ ሁሉ ነገር የቆረጠኝ ይህ ነው። አልተከራከርኩም። ገመዱን መዳፋቸው ላይ አደረግኩና ቋጠሮውን፣ የቀለጠውን ቦታ፣ ክሩን በራሳቸው አውራ ጣት አስነካኋቸው። ከዚያ «ገና አሁን ነው ያመመኝ» አሉና ነርሷን ጠርተው ወረቀት አስመጡ። ገመዱ ላይ ያዩትንና የነኩትን በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ።

አሁን ወደ ውለታው ልምጣ። ሥራውን ያስገኘልኝ ሻለቃ መሆኑን አልክድም። እሱ ደጅ ስንት ቀን እንደቆምክ፣ ለእኔ ትምህርት ስትል ስንት ሌሊት መሪ ላይ እንዳደርክም አልረሳሁም። ውለታ ይመለሳል፤ ግን በሰው እግር አይመለስም። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ» አልከኝ። ወንድም ጋሼ፣ ብብቴ ሥር ያለው እኮ ደመወዝ አይደለም፤ «አይቼዋለሁ» የምትለዋ ቃሌ ናት። ያን ወረቀት ብፈርም ነገ አምስት ቁጥሯ ላይ አይቼዋለሁ ስል ማን ይሰማኛል? ከዚያ በኋላ የትም ብቀጠር ባዶ እጄን ነው የምገባው።

ከዛሬ አሥር ቀን በኋላ የድርጅቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ። ገመዱንና የቀያሹን ጽሑፍ ይዤ እገባለሁ። ያባርሩኝ ይሆናል፤ ይህንን አስቤበታለሁ። ካንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ለሻለቃ ደውለህ በእኔ ስም ይቅርታ እንዳትጠይቅ። ከደወልክ ደግሞ የገጹን ነገር ጠይቀው፤ ማን ቀደደው በለው።

እማዬን ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ ደህና ናት ብትላት ውሸት አይሆንብህም። ለእትዬ፣ ሹራቡ ልክክ ብሎልኛል፣ እጅጌው ብቻ ለሁለት ሰው ይበቃል በላት። ትልቋ ልጅህ ሒሳብ ከበደኝ ብላ እንዳትሸሽ፤ የማይገባትን ጽፋ ትላክልኝ። ለትንሹ፣ የወለቀው ጥርሱ እኔ ሳልመጣ እንዳይበቅል ብያለሁ። አክስቴ ስለ ባል ከጠየቀችህ ጊዜ የላትም፣ ክስ ላይ ናት በላት።

አንተን ደግሞ እንደ አባት አከብርሃለሁ፤ ይህንን የምጽፍልህም ለዚህ ነው። ያላየሁትን አየሁ፣ ያየሁትንም አላየሁም ብዬ አልፈርምም። ሌላው የሠራውን ጥፋት በእኔ እጅ ጽሑፍ አይሸፍንም። ሴት ልጅ ስትችል ነው የሚያምርባት የሚለውንም ቃል፣ ከሥራ አስኪያጅ ይምጣ ከሻለቃ፣ ካንተም ቢሆን ወንድም ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልቀበልም።

እህትህ
ከጋራዡ ማዶ ካለችው የኪራይ ክፍሌ፣
ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን