ለፀዳለ «አቤት» ያልኩበት ቀን

መርሳ፣ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለማርታ፣

ጅማ ድረስ የደረሰሽን ወሬ አስቀድሜ ላርም። «ታንጉት ልጄ አልሞተችም ትላለች፤ ከሙት ጋር በስልክ ታወራለች» ተብሏል አሉ። ሁለቱም ስህተት ነው። እናትሽ ከሞተች ሦስት ዓመት ከሁለት ወር እንደሆናት ከእኔ በላይ የቆጠረ የለም። እኔ የተናገርኩት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም «አቤት» የሚል ነው።

በመስከረም ባለሙያዎች ከወልድያ መጥተው የሀብሩን ወረዳ ሰው ደም በየቀበሌው ሲወስዱ ሰነበቱ። ደሙን የሚያነበው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ፕሮግራም ነው። የእያንዳንዱን ሰው ውጤት ከቀድሞው ጋር ያስተያያል፤ የትኛው በሽታ በየትኛው ቀበሌ እንደበረታም በካርታ ያሳያል። ስም የሚጠሩት ከጤና መድን መዝገብ ነው። እኔ ደግሞ በየዓመቱ ደብተሩን ሳሳድስ «የቤተሰብ ለውጥ አለ?» ሲሉኝ «የለም» እላለሁ፤ እናትሽን አላሰረዝኳትም።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ አንዱ ልጅ «ፀዳለ ሙላት!» ብሎ ተጣራ። የእናትሽ ስም ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ! «የለችም» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን «አቤት» ነው። ልጁ ቀና ብሎ ሳያየኝ ክንዴን አሰረ። በኋላ የእኔ ስም ሲጠራ ቀሪ ተባልኩ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር፣ ለቀረ ወንድሙ «አቤት» ያለውን ተማሪ ሳላንበረክክ ያለፍኩበት ቀን የለም።

በሳምንቱ በእናትሽ ስልክ መልእክት ገባ። ስልኩ ባትሪው አልቆ እንዲጠፋ ፈቅጄ አላውቅም። «ወ/ሮ ፀዳለ ሙላት፣ የደም ውጤትዎ ክትትል ይፈልጋል። በሰባት ቀን ውስጥ ይምጡ» ይላል። ይምጡ! በሕይወት ሳለች የሰጠችው ደም ውጤቱ የመጣው በአርባዋ ዋዜማ ነበር። አሁን በሌለችበት በሳምንቱ ደረሰላት። ከዚያ ወዲህ መልእክቱ ተቋርጦ አያውቅም። ስልኩ መደርደሪያው ላይ ሲንቀጠቀጥ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፤ እሷ በሩን በእግሯ ገፍታ ስትገባ እንዲሁ ይንጫጩ ነበር። እኔም ዞር እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደወሉ። አንዲት ሴት «ወይዘሮ ፀዳለን ነው?» አለች። «ወጣ ብላለች፤ ስትመጣ እነግራታለሁ» አልኳት። ስልኩን ሳስቀምጥ ጎረቤታችን ደብሪቱ በር ላይ ቆማለች።

«ማን ስትመጣ፣ እትዬ?»

«የሰው በር ላይ አትቁሚ» አልኳት።

ወሬው የወጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ ከላይ «አንድ ቃል ብቻ» ያልኩት ትክክል አይደለም። አልሰርዘውም፤ ስህተቴን እይው።

ትናንት አብዱልሐሊም የሚባል የላብራቶሪ ባለሙያ ቤት ድረስ መጣ። የሐራ ልጅ ነው፤ እዚህ ሰው አያውቅም።

«እማማ፣ ወይዘሮ ፀዳለ አሉ?»

«ምን ፈልገህ ነው?»

«ፕሮግራሙ ነዘነዘኝ። ይህ የአርባ ሁለት ዓመት ሴት ደም አይመስልም፣ ከድሮ ውጤቷም ጋር አይገጥምም ይላል። የአሮጊት ደም ነው አለኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና።»

«አሮጊት መሆን ይቅርታ አያስጠይቅም።»

ሳቀ። ከዚያ እግሬን አየ። አብጦ ጫማዬ እምቢ ካለኝ ወር ሆኖታል። ሳቁን ተወ።

«የማንም ደም ይሁን፣ ኩላሊቱ እየደከመ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አሁን ሕክምና ከጀመረ ይያዛል፤ ከቆየ ግን ያዳግታል። በሌላ ሰው ስም ደግሞ መድኃኒት አይሰጥም። ረቡዕ ጠዋት ጤና ጣቢያ ስሟን እጠራለሁ፤ የደሙ ባለቤት ይምጣ።»

«ስሙ ቢታረምስ?»

«ፀዳለ ከመዝገቡ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ማንም አይደውልላትም።»

«ማንም?»

«ማንም፣ እማማ።»

ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ማርታ፣ እናትሽ «ደከመኝ» ስትለኝ «ስንፍና ነው፣ ተነሽ» ብያታለሁ። ሁለቴ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።

ለፈተናሽ በርቺ፤ በጊዜው ብዪ። እሷን ያልጠበቀ ጊዜ አንቺን ይጠብቅልኝ። የምትመረቂበትን ቀን በዚህ ዓይኔ እንዳየው ፈጣሪ ያቆየኝ፤ ይህን ስማጸን ሰንብቻለሁ፣ አሁን ግን እኔም የድርሻዬን ላድርግ።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። የመድኑን ደብተር ከሣጥን አወጣለሁ። የወንድ አያትሽን ሰፊ ጫማ አደርጋለሁ። በደብሪቱ በር ሳልፍ ቆሜ «ልጄ ሞታለች» እላታለሁ። ጤና ጣቢያ ስደርስ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ። «ፀዳለ ሙላት» ብለው ሲጠሩ ዝም እላለሁ፤ ሁለቴም ሦስቴም ይጥሩ፣ ልስማው። ከዚያ ተነሥቼ «ቀሪ ናት» እላለሁ፤ ቁጭ ብዬም የራሴን ስም እስኪጠሩ እጠብቃለሁ።

አያትሽ ታንጉት